ውርጭ ላይ የተዘረጋው ምንጣፍ

ገንፎውን ጠረጴዛ ላይ መብላት ነበረብኝ። ባለቤቴ በሌለችበት ማን ይቆጣኛል ብዬ ሳህኑን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ምንጣፉ ላይ ተዘረፈጥኩ። ስልኬ ጮኸ፣ ብድግ አልኩ፣ ቅቤው ከነበርበሬው ነጩ ሱፍ ላይ ተገለበጠ። “ወይኔ ጉዴ!” አልኩ ብቻዬን። የደወለችው ባለቤቴ ነበረች፤ ነገ እናቷን ለዓይን ሕክምና ከአንኮበር ይዛቸው እንደምትመጣ ልትነግረኝ።

ምንጣፉን የሠሩት እኚሁ አማቴ ናቸው። የበጎቻቸውን ጠጉር ራሳቸው ፈትለው፣ ቀለም ሳያስነኩት፣ ለሠርጋችን ሰጡን። ከዚያ ወዲህ ዓይናቸው ስለደከመ ሌላ አልሠሩም። ይህን ካበላሸሁት የሚተካው የለም።

ውሃ ጣድኩ። ሲፈላ ዱቄት ሳሙና ጨምሬበት ልደፋው ስል ጎረቤታችን በበሩ ብቅ አሉ። ዕድሜ ልካቸውን እዚህ ደብረ ብርሃን ሱፍ ሲፈትሉ የኖሩ፣ ምላሳቸው የማይቻል ሴት ናቸው።

“አንተ! ባና ልትሠራበት ነው እንዴ?” ብለው ማንቆርቆሪያውን ነጠቁኝ።

ክው አልኩ። ባና የሚባለው ብርድ ልብስ ሙቅ ውሃ እየፈሰሰበት ተረግጦ እንደሚጠብቅ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ፤ ያውም እዚሁ ተወልጄ አድጌ! የአማቴን ምንጣፍም እንደዚያው ላኮማትረው ነበር።

“ታዲያ ምን ላድርግ እትዬ?”

“ውርጩ ሳይቀልጥ ይዘኸው ውጣ!”

የኅዳር ጠዋት ስለነበር ግቢው ገና ነጭ ነው። ሣሩ ላይ ዘረጋነው። ቅቤው ድርቅ ሲል እትዬ በማንኪያ ጫፍ እየላጡ አነሡት፤ አንዲት ጠጉር አልነቀሉም። የቀረውን ቅባት የገብስ ዱቄት ነስንሰው አስመጠጡት። ቀዩን እድፍ ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃ በተመታ የእንዶድ አረፋ፣ ከዳር ወደ መሃል፣ በጨርቅ ጫን ጫን እያደረጉ አስለቀቁት። ልፈትግ እጄን ስሰድ መቱኝ። እኔ ጣቶቼ ደንዝዘው ብብቴ ውስጥ ስሸጉጣቸው እሳቸው በዚያ ብርድ እስከ ረፋድ ንቅንቅ አላሉም። እንዲህ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር ቀናሁባቸው።

በማግስቱ አማቴ ገቡ። ጫማቸውን አውልቀው ቁጭ አሉና ምንጣፋቸውን በመዳፋቸው ይዳብሱት ጀመር። ቅቤው የፈሰሰበት ቦታ ለእኔ ዓይን ንጹሕ ነበር። እጃቸው ግን እዚያ ሲደርስ ቆመ። ደግመው ዳበሱት፤ ጎንበስ ብለው አሸተቱት።

“እንዶድ ነው” አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። “ጎሽ ልጄ። ሙቅ ውሃ አስነክተኸው ቢሆን አለቅስ ነበር።”

ምስጋናው የእኔ አልነበረም። ማንቆርቆሪያውን ጭምር ሳልደብቅ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ክንዴን ፈልገው ያዙና ተነሡ።

“በል ውሰደኝ” አሉ፤ “የሴትየዋን እጅ ልሳም።”