ሦስት ሽማግሌና አንድ ባቡር

አሜሪካ ሰው ጨረቃ ላይ አውርዳ በሰላም መልሳለች። ከሲያትል ፖርትላንድ በባቡር በሰዓቱ አድርሺኝ ብትሏት ግን ራሷን ማከክ ትጀምራለች። ይህን የምለው ጋዜጣ አንብቤ አይደለም። የሕይወቴን ትልቁን ጉዳይ እዚያ ባቡር ላይ ጭኜ ስለማውቅ ነው።

በዚያን ጊዜ ሲያትል፣ ሲታክ ኤርፖርት ታክሲ እነዳ ነበር። የምኖርበት ከተማ ባቡር በጣም ይወዳል፤ በወሬ ደረጃ። ሞኖሬል የሚሉት ባለ አንድ ሐዲድ ባቡር ይሠራልን ብሎ ደጋግሞ ድምፅ ሰጠ፣ ዓመታት ተሰበሰበበት፣ መሐንዲስ ቀጠረበት፣ በመጨረሻ ይቅርብን ብሎ ድምፅ ሰጠና ተገላገለ። ቀላሉ የከተማ ባቡር ሰሜን ያለው ኖርዝጌት ሰፈር ይደርሳል ሲባል የሰማሁት ፀጉሬ ሙሉ ሳለ ነው። ይህን ስጽፍ ፀጉሬ ሄዷል፤ ባቡሩ ግን ኖርዝጌት አልደረሰም።

እኔም ከደሙ ንጹህ አይደለሁም። ዜግነት አግኝቼ የመጀመሪያው የምርጫ ወረቀት በፖስታ ሲመጣልኝ፣ የከተማው የባቡር መስመር ይስፋፋ ወይስ አይስፋፋ የሚል ጥያቄ አገኘሁበት። ባቡር በየአቅጣጫው ከተዘረጋ ማን ታክሲዬ ውስጥ ይገባል አልኩና፣ አይስፋፋ አልኩ። በዚያ ዓመት ሐሳቡ ወደቀ። አንድ ሳምንት ሙሉ አገር ያዳንኩ ይመስል ደረቴን ነፍቼ ዞርኩ።

የወደድኳት ልጅ ፖርትላንድ ነበረች። ነርስ ናት። የጓደኛዬ ሠርግ ላይ ተዋውቀን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ኢንተርስቴት ፋይቭ የሚሉትን አውራ ጎዳና ስመላለስበት ኖርኩ። ለመጋባት ተስማማን፤ የቀሩት አባቷ ብቻ ነበሩ። አባቷ ወግ የሚያውቁ፣ ከሚያውቁትም ላይ አንዲት የማይቀንሱ ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቼ መጀመሪያ በስልክ ቢሞክሯቸው፣ ሽማግሌ በስልክ አይላክም ብለው ጆሯቸው ላይ ዘጉባቸው። ኋላ ልጅቷ ለምናቸው ቀጠሮ ሰጡ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በዚህ አገር አቆጣጠር አራት ሰዓት ላይ፣ ቤታቸው። ችግሩ በዚያው ዕለት ማታ ለቤተሰብ ጉዳይ ወደ አዲስ አበባ የሚበሩ መሆናቸው ነው። አምስት ተኩል ላይ ከቤት ይወጣሉ፤ ከመንፈቅ በፊት አይመለሱም።

ልጅቷም የበኩሏን ቁርጥ አድርጋ ነገረችኝ።

«አባዬ እሺ ሳይል ከሄደ እኔ ከቃሉ አልወጣም። እንዲህ ተንጠልጥዬ ሌላ ዓመት መኖርም አልችልም። ሶ፣ ቅዳሜ ካልሆነ አይሆንም፣ ኦኬ?»

ኦኬ አልኩ። ምን ልበል?

ሽማግሌዎቼ ሦስት ነበሩ። ትልቁ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ቀኝ ጉልበታቸውን ክፉኛ ያማቸዋል። ሁለተኛው ኤርፖርቱ አጠገብ ፓርኪንግ ይሠራሉ፤ ስፔን ያለች ልጃቸውን ጠይቀው ከተመለሱ ወዲህ ስለ ስፔን ካልሆነ አያወሩም። ሦስተኛው ሌክ ሲቲ የሚባል ሰፈር ሱቅ አላቸው፤ ለኔ ሲሉ ሱቃቸውን በቅዳሜ ምድር መዝጋታቸውን ቀኑን ሙሉ አልረሱትም፣ እኛም እንድንረሳው አልፈቀዱልንም።

እንግዲህ እኔ በሙያዬ ሹፌር ነኝ። መንገዱን ጨፍኜ እነዳዋለሁ። ሦስቱን ጭኜ ሦስት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ደጃፋቸው ላይ ማውረድ እችላለሁ። ይህን ሐሳብ ሳቀርብ ትልቁ ሽማግሌ የሰደብኳቸው ያህል አዩኝ። ሙሽራው ሹፌር፣ ሽማግሌው ተሳፋሪ የሚሆንበት ወግ የማን አገር ነው አሉኝ። እሳቸው ራሳቸው መንዳት ትተዋል። ባለስፔኑ ፍሪዌይ ይፈራሉ። የባለሱቁ ቫን ሁለት ወንበር ብቻ ያላት ሆና ሌላው ቦታዋ የሽንኩርት ነው። አማራጩ ባቡር ሆነ። ባቡሩ ሦስት ሰዓት ተኩል ግድም ይፈጅበታል፤ በወረቀቱ መሠረት፣ በዚሁ አገር አቆጣጠር ከቀኑ ሦስት ሰዓት በፊት ፖርትላንድ ነን። ትኬቱን እኔ ቆረጥኩ። እንግሊዝኛው እንዳያስቸግራቸው አብሬያቸው እንድሄድ ተፈቀደልኝ፤ ነገር ግን ራቅ ብዬ ልቀመጥ፣ ከፖርትላንድ ጣቢያም አንድ እርምጃ እንዳላልፍ ቃል አስገቡኝ። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይታይም።

የሲያትሉ ጣቢያ እየታደሰ ነበር። ያ ያማረ አሮጌ ጣሪያ በብረት መወጣጫ ተሞልቶ ሠራተኞች የተቀረጸበትን አበባ አንድ በአንድ ያጸዳሉ። እነዚህ ሰዎች ባቡር ዘገየ ሲሏቸው ጣሪያ ያድሳሉ ማለት ነው።

ባቡሩ ራሱ አይታማም። ወንበሩ ሰፊ፣ መስኮቱ ትልቅ፣ ካፌም አለው። ባለስፔኑ ሽማግሌ እንደገቡ ግድግዳውን ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ ይህንን የሚመስል ማድሪድ ተሳፍሬበታለሁ አሉ። ትኬት ተቆጣጣሪው፣ ጺማም ትልቅ ሰውዬ፣ ከጥጌ ሆኜ ስተረጉምለት፣ አልተሳሳቱም፣ የስፔን ሥራ ነው አለ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቆማቸው። ከማድሪድ ባርሴሎና፣ የኛን መንገድ እጥፍ የሚሆነውን፣ በሁለት ሰዓት ተኩል እንደገቡ ሁለት ጊዜ ነገሩን። ሦስተኛውን ሊጀምሩ ሲሉ ባቡራችን ቆመ።

ታኮማን ገና ማለፋችን ነበር። የዕቃ ባቡር እስኪያልፍ እንጠብቃለን የሚል ማስታወቂያ ተነገረ። ፈረንጆቹ ቀና እንኳ አላሉም። ትልቁ ሽማግሌ ተቆጣጣሪውን ጠይቅልን አሉኝ፤ ከጥጌ ወጥቼ ጠየቅሁ። ሰውዬው በትሕትና አስረዳን። ሐዲዱ የመንገደኛው ባቡር አይደለም፤ የዕቃ ጫኙ ኩባንያ ነው። በሕግ መንገደኛ ይቀድማል ይባላል፤ የማለፊያ መብራቱን የሚያበራና የሚያጠፋው ግን ባለሐዲዱ ነው። ባቡሩም ከዚህ የበለጠ መሮጥ ይችላል፤ ሐዲዱ ጥምዝምዝ፣ መኪና የሚያቋርጠው ቦታም ብዙ ስለሆነ አይፈቀድለትም።

ስተረጉም ከሁሉ ቀድመው የገባቸው ባለሱቁ ናቸው። ደባል ነዋ አሉ። ባለቤቱ ሲገባና ሲወጣ ግድግዳ ተጠግቶ የሚያሳልፍ ደባል። ካልጠፋ ነገር ለደባል የእሽቅድምድም ፈረስ ገዝተውለት ግቢ ውስጥ አስረውታል አሉ።

የዕቃው ባቡር መጣ። ሲያልፍ፣ ሲያልፍ፣ ሲያልፍ ኖረ። ኮንቴይነር በኮንቴይነር ላይ ተደራርቦ፤ ጫማ ይሆናል፣ ቴሌቪዥን ይሆናል። ጫማው ሲቀድም እኛ እግሮቹ ቆመን አየነው። ትልቁ ሽማግሌ እንደ መምህርነታቸው፣ ጃፓን ይህ ልጅ ሳይወለድ የጀመረችውን ፈጣን ባቡር እነዚህ ለምን አቃታቸው ብለው ጠየቁ። እኔ ታክሲ ውስጥ ብዙ ትምህርት ስላገኘሁ መለስኩላቸው። አንድ ጊዜ ከኤርፖርት የጫንኩት መሐንዲስ ፈጣን ባቡር ሊመጣ ነው፣ እየተጠና ነው ብሎኛል። ከዓመት በኋላ የጫንኩት ሌላ መሐንዲስ ደግሞ የቀድሞው ጥናት በደንብ መጠናቱን እያጠኑ እንደሆነ ነግሮኛል። ገንዘቡ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ወደ አስፋልትና ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ፈሰሰ። ባቡር የሚጠላ ሰው ግን የለም፤ በጎረቤቱ ጓሮ እስካለፈለት ድረስ ሁሉም ይፈልገዋል። ከየት ተነሥቶ በየት በኩል ይለፍ ሲባል ነው ሁሉም የየራሱ ታክሲ ትዝ የሚለው።

ይህን እንዳልኩ የምርጫ ወረቀቴ ትዝ አለኝ። ያ የከተማ ባቡር ነው፣ ይህ ሌላ ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። አልተጽናናሁም።

ሴንትሬሊያ ስንደርስ ደግመን ቆምን። ልንደርስበት የነበረው ሦስት ሰዓት እዚያው አለፈ። ከዚያ ትንሽ ሮጥ አልንና፣ የአንድ ትልቅ ወንዝ ጥግ ይዘን ፖርትላንድ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ለሦስተኛ ጊዜ ቆምን። ይሄኛው የምሩን ነበር። አራት ሰዓት ሆነ። ትልቁ ሽማግሌ ደውለው እንደዘገየን ለልጅቷ እናት ነገሩ። አራት ተኩል ሆነ። ከመስኮቱ ማዶ፣ ድንጋይ ብወረውር በሚደርስበት ርቀት፣ ኢንተርስቴት ፋይቭ ተዘርግቷል፤ መኪናው ሁሉ እየተንፈላሰሰ ወደ ፖርትላንድ ይወርዳል። አንድ ቢጫ ታክሲ ሲያልፍ አየሁና ልቤ ተቃጠለ። በታክሲዬ ቢሆን ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር። ተቆጣጣሪውን በሩን ክፈትልኝ፣ በእግሬ ወጥቼ መኪና ልለምን አልኩት። በጣም ይቅርታ፣ ከጣቢያ ውጪ በር መክፈት አይፈቀድም አለኝ። ለመቆም ግን ከጣቢያ ውጪም ይፈቀዳል።

አምስት ሰዓት ሆነ። ባለስፔኑ ስለ ስፔን ማውራት አቆሙ፤ ነገሩ መበላሸቱን ያወቅሁት ያኔ ነው። አምስት ተኩልም አለፈ። ፈራሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ በየሳምንቱ እየበረርኩ ደርሼ፣ በዚያች አንዲት ቀን ወግ ጠብቄ ልቀር ነው ብዬ አልቅስ አልቅስ አለኝ።

ትልቁ ሽማግሌ ስልካቸውን አወጡ። ከመደወላቸው በፊት ግን የወንበሩን መደገፊያ ይዘው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ ብድግ አሉ። ሁለቱም ተከትለዋቸው ተነሡ። ሦስት ሽማግሌ ነጠላቸውን ከሱፋቸው ላይ አስተካክለው በመተላለፊያው መካከል ቆሙ። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርግልን ብለው ሰጡኝና፣ አድርጌ መለስኩላቸው። አባትየው መኪና ውስጥ ነበሩ፤ ልጅቷ እየነዳች ወደ ኤርፖርት እየወሰደቻቸው ነው።

ሽማግሌው ይቅርታ ጠይቀው፣ የመጣነው ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ለመለመን ነው ብለው ጀመሩ። አባትየው አላስጨረሷቸውም። ሽማግሌ በስልክ አይላክም ብያለሁ አሉ። እናንተን ማክበሬ ነው፣ ከመንፈቅ በኋላ በሰላም ያገናኘን አሉ። ትልቁ ሽማግሌ፣ እኛ እኮ መጥተናል፣ ያልመጣው ባቡሩ ነው አሏቸው። አባትየውም ስንት ናችሁ ብለው ጠየቁ። ሽማግሌው ወደ እኔ አየት አደረጉና ሦስት ነን አሉ። በሽማግሌ ቁጥር ውሸት አይደለም።

ይሄኔ ነው ጺማሙ ተቆጣጣሪ ብቅ ያለው። ባቡሩ በማንኛውም ደቂቃ ሊንቀሳቀስ ስለሚችል እባካችሁ ቦታችሁን ያዙ አለ። በማንኛውም ደቂቃ! ሦስቱም ንቅንቅ አላሉም። ደገመው። ትልቁ ሽማግሌ ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁና፣ አልቻልኩም፣ ተጠግቼ በሹክሹክታ አባባ፣ ተቀመጡ ነው የሚለው አልኳቸው። በእጃቸው ገፋ አደረጉኝ።

«ምንድነው የሚላችሁ ሰውዬው?» አሉ አባትየው።

«ተቀመጡ ይለናል።»

«እና?»

«እርስዎ ሳይሉን እንዴት እንቀመጣለን?»

አባትየው ከቆማችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ ብለው ጠየቁ። ባለሱቁ ትንሽ ነው አሉ፤ ባለስፔኑ ብዙ ነው አሉ። እኔ ከጀርባቸው ቆሜ፣ ቀኑን ሙሉ በሆዴ ስስቅበት የዋልኩትን ወግ እያየሁ አፈርኩ።

«ተቀመጡ» አሉ አባትየው። «ልጄን ሰጥቻለሁ። እግዜር ያክብርልኝ፣ ተቀመጡ።»

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ እጅ ነሥተው ተራ በተራ ተቀመጡ። ትልቁ ጉልበታቸውን ይዘው ዐይናቸውን ጨፈኑ። ስልኩ የተዘጋ መስሎኝ ከጭናቸው ላይ ላነሳው ጎንበስ ስል፣ አባትየው ገና እዚያው ነበሩ።

«ያንን በሹክሹክታ የሚያስተረጉመውን አራተኛውንም ተቀመጥ በሉት» አሉ።

ተቀመጥኩ። ባቡሩ አሁንም አልተንቀሳቀሰም።