የአማቴ የድንች ጉድጓድ

አማቴን፣ የባሌን እናት፣ ስወድ የኖርኩ ሴት አይደለሁም። እሳቸው ግትር ነበሩ፣ እኔም ምላሴ አያርፍም ነበር። ዲጋ በሚባል አገር በአንድ ጣሪያ ሥር የኖርንበት ጊዜ ለሁለታችንም ቅጣት ነበር።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አማቴ ከሸዋ ሲመጡ የእህል ጉድጓድ አያያዝን ይዘው መጡ። በአገራቸው እህል መሬት ውስጥ ይቀበራል፤ አፉ በጭቃና በእበት ይመረጋል፤ ነቀዙም ትንፋሽ አጥሮት ይሞታል። በዚያ ዓመት ድንቻችን ሲደርስ «ጃርትና ከርከሮ ከሚበላው» ብለው ሁሉንም አስቆፈሩት። ከዚያም በጓሯችን፣ ከሰው ቁመት በላይ በጠለቀ ጉድጓድ ከትተው ልክ እንደ እህሉ መረጉት። የአገሬው ሴት የሆነችው ጎረቤታችን ግን አንጮቴ የሚባለውን እንደ ድንች ያለ ሥሯን መሬት ውስጥ ትታ የዕለቷን ብቻ ነበር የምትቆፍረው። ጉድጓዱን አይታ ስትስቅ አማቴ ሰላምታ ነፈጓት።

ሐምሌ ላይ ባሌ በቅሎ እየነዳ ጊምቢ እንደሄደ የዴዴሳ ወንዝ ሞላና ወዲያ ማዶ ቀረ። ይኑር ይሙት የሚነግረን አልነበረም። በቆሎው ገና አላሸተም፣ ጎተራውም ተጠርጎ አለቀ። ጎመን ቀቅዬ ሳቀርብ አማቴ «ጠግቤያለሁ» ይሉና ወደ ትልቁ ልጄ ይገፉታል። ኩራታቸው ነው ብዬ ውስጤ ይቃጠል ነበር። ጡቴ ደረቀ፤ ሕፃኗ ስትስብ ስትስብ ትቆይና ትነክሰኛለች። ተስፋችን ያ ጉድጓድ ብቻ ነበር።

ስንከፍተው ሽታው ወደ ኋላ ገፋን። አማቴ ኩራዝ ለኩሰው በገመድ ሰደዱ፤ ግማሽ ሳይደርስ ጠፋ።

«ኩራዝ የጠፋበት ጉድጓድ የገባ ሰው ሬሳው ነው የሚወጣው» አሉ።

ቁርበት ይዘን አፉ ላይ አራገብን። ቅጠላም ቅርንጫፍ በገመድ አስረን እንደ ዘነዘና ከፍ ዝቅ አደረግን። ኩራዙ ጠፋ። ዝናብ ሲመጣ በኮባ ቅጠል እየሸፈንን፣ ሲያባራ እየገለጥን እንደገና አራገብን። ኩራዙ ጠፋ። ምግባችን እግራችን ሥር ነው፤ ግን አየሩ አያስቀርብም። እጄ ተልጦ ደማ፣ ተቀምጬ አለቀስኩ።

የሕፃኗን ጩኸት ሰምታ ጎረቤታችን መጣች። የተነፈገችውን ሰላምታ አላነሳችም። ወደ ውስጥ አየችና «ያ ሃርሜ፣ ቦላው አፉራ የለውም» አለች፤ እናቴ ሆይ፣ ጉድጓዱ ትንፋሽ የለውም ማለቷ ነው። «ሌላ አፍ እንክፈትለት።»

ጓሯችን ተዳፋት ነው። ሦስታችን ከታች በኩል ሰው የማታሾልክ ጠባብ ቀዳዳ በዶማ ሰርስረን የጉድጓዱን ወለል አገኘን። ነፋሱ በአንዱ አፍ ገብቶ በሌላው ሲወጣ አደረ። በማግስቱ የሰደድነው ኩራዝ ሳይጠፋ ወለሉን ነካ።

«የመረግሁት እኔ ነኝ፣ እኔው ልውረድ» አሉ አማቴ። ገመዱን ዛፍ ላይ ጠምጥመን፣ እኔና ጎረቤቴ ቀስ እያልን አወረድናቸው። ከዚያ ቅርጫት በሌላ ገመድ ሰደድን። የመጀመሪያው ቅርጫት ጥቁር ዝቃጭ ይዞ ወጣ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውም።

«እማማ፣ ከሥሩስ?»

«የለም፣ ልጄ። ሁሉም በስብሷል። ልጆቹን የምታሳድጊው አንቺ ነሽ። እኔ ትርፍ አፍ ነኝ። ክዳኑን መልሺው።»

ደንግጬ ገመዱን ሳብኩት። ባዶውን መጣ። ከወገባቸው ፈትተውታል።

እንዲወጡ ለመንኳቸው። ጎረቤቴ ፊቷን ይዛ ታለቅሳለች። ሕፃኗን ከጀርባዬ አውርጄ አቀፍኳትና እግሬን ወደ ጉድጓዱ ሰድጄ አፉ ላይ ተቀመጥኩ።

«እንግዲያው ብቻዎን አይቀሩም። ልጂቱን ይዤ እየወረድኩ ነው።»

ለማስፈራራት አልነበረም፤ የምሬን ነበር። ሕፃኗ ወደ ጨለማው አለቀሰች። ገመዱን መልሼ ሰደድኩ።

ብዙ ከቆየ በኋላ ተነቃነቀ። ሕፃኗን ለትልቁ ልጄ ሰጥቼ፣ እግሬን ተክዬ፣ ባለኝ ጉልበት ሁሉ ሳብኩ። ወደ ኋላዬ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። አንዲት ሙሉ ሰው ትከብደኛለች ብዬ ነበር፤ የወጡት ግን ከቅርጫቱ ብዙም አይከብዱም። ያን ሁሉ ቀን «ጠግቤያለሁ» ሲሉኝ ምንም አልበሉም ነበር።