ሳይበላ የሚበር ጅብ

ባለቤቴ ከሞተ ሰባተኛ ወሩ ነው፤ የጻፈውን ልብ ወለድ በአዲስ ደብተር እየገለበጥኩ ነው። ልጆቻችን ሊያሳትሙት ይፈልጋሉ። «እማዬ፣ እንዳለ ገልብጪው፤ አንድ ቃል እንዳትነኪ» ብለውኛል። ጠባዬን ያውቃሉ።

መጽሐፉ ግን ጉድለት አለበት፤ በሕይወት ሳለም ነግሬዋለሁ። አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ክንፍ ባለው ጅብ ተቀምጣ፣ ፀሐይን የሰረቀ ጠንቋይ ታሳድዳለች። ፍጥነቱን አልክድም፤ ማቆሚያ የለውም። ልጅቱም ጎበዝ ናት፤ ወንድሟ መጥቶ እስኪያድናት አትጠብቅም። ነገር ግን እኔ ከመካነ ሰላም ወረኢሉ ደርሼ ስመለስ ወገቤን ሳምንት ያመኛል፤ እሷ በአንድ አረፍተ ነገር ሦስት ገደል ትሻገራለች። ሰው ይሞታል፣ ለቅሶ የሚቀመጥ የለም። ጠንቋዩ ፀሐይን ምን ሊያደርጋት እንደሰረቃት እንኳ አይነገረንም። ከሁሉም የሚብሰው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ነፍስ እህል አይቀምስም።

«ሰውስ ይሁን፤ ጅብ ሳይበላ ዘጠና ገጽ ይበራል?» አልኩት ያኔ።

«አብሽሪ፤ ክንፉን ካመንሽ ጾሙንም እመኚ» አለኝ።

የጻፈው በክፉው ቀን ነው፤ ዝናቡ እምቢ ባለበት ዓመት፣ መካነ ሰላም ሲያስተምር። ተማሪዎቹ ምንም ሳይቀምሱ ይመጣሉ፣ ያንቀላፋሉ፣ ከዚያ ይቀራሉ። እንዳይቀሩ ብሎ በየቀኑ መጨረሻ ላይ አንድ ምዕራፍ ያነብላቸው ጀመር። ሁልጊዜ ልጅቱን ገደል አፋፍ ላይ አንጠልጥሎ ያቆማል፤ በማግስቱ የተረፈችበትን ሊሰሙ ይመጣሉ። አንድ ቀን የሠርግ ድግስ ጻፈ። ወጡንና ቅቤውን ሲያነብ ከፊት የተቀመጠች ተማሪ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች፤ ደወሉ እስኪደወል ቀና አላለችም። ቤት እንደገባ ገጹን ቀደደው። ከዚያ ወዲያ የምግብ ስም አልጻፈም።

አብዮቱ መጣና ደግሞ የቀበሌው ሊቀመንበር ደብተሩን አስመጥቶ አገላበጠ።

«ጓድ መምህር፣ ይህ ጅብ የማን ንብረት ነው?»

«የሰፊው ሕዝብ።»

«ታዲያ ለምን አንዲት ልጅ ብቻ ትጋልበዋለች?»

«ተራዋ ደርሶ ነው፣ ጓድ።»

ደብተሩ ተረፈ።

ይህን ሁሉ እያወቅሁም አላስቻለኝም። ባለፈው ማክሰኞ፣ ጠንቋዩ ሊይዛት አንድ ክንድ ሲቀረው፣ የራሴን ገጽ ጨመርኩ። ከጅቡ አውርጄ ቤት አስገባኋት። ሽሮ ሠራሁላት፣ ቂጣውን በቅቤ አሸሁላት፤ ለጅቡም ሙሉ የበሬ ጭን ጣልኩለት። ጠንቋዩ ውጭ ቆሞ ይጠብቅ አልኩ፤ ፀሐይ ይዞ አይበርደውም። ልጅቱ ጠገበች፣ ጋቢ አለበስኳት፣ ተኛች። ጅቡም አጠገቧ ተዘረረ።

ከዚያ በኋላ የቀረው የእሱ ጽሑፍ ስድስት ገጽ ብቻ ነው። ቀጣዩ አረፍተ ነገር «ዘልላ ተነሣች» ይላል። አራት ቀን ሙሉ ብዕሬን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ልቀሰቅሳት አልቻልኩም።

ልጆቻችን «እማዬ፣ የት ደረሰ?» እያሉ ይመጣሉ።

«ቀስ በሉ፤ ተኝታለች» እላቸዋለሁ።