የዘርዓብሩክ እንፋሎት

ዘርዓብሩክ ሲጋራ ያቆመው በልጁ ምክንያት ነው። ይህን የማያውቅ ሐበሻ ታክሲ ነጂ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ አልነበረም፤ እሱ ራሱ ለሁሉም አውርቶት ነበርና። ልጁ ሐሌታ አስም አለባት። ገና አንደኛ ክፍል ሳትገባ ትንፋሽ አጥሯት ሆስፒታል የተኛች ጊዜ፣ እናቷ ትርሲት ባሏን ኮሪደር ላይ አውጥታ «ወይ ሲጋራህን ወይ እኛን» አለችው። እሱም በማርያም ምሎ ፓኬቱን እዚያው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ወረወረ። ከዚያ ወዲያ አንድም ሲጋራ ከንፈሩን አልነካም። በዚህ በኩል ማንም ሊያማው አይችልም።

በሌላ በኩል ግን ሳጥኑ ነበረ።

ሳጥኑን የገዛው ፒኮ ሮበርትሰን አካባቢ ካለ ሱቅ ነው። መዳፍ የሚሞላ ጥቁር ብረት፣ ሁለት ባትሪ የሚጎርስ፣ ጎኑ ላይ ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ ስክሪን ያለው፣ አናቱ ላይ ደግሞ ፈሳሽ የሚሞላበት ብርጭቆ የተጠመደበት ነው። ውስጡ ያለው ጥምዝ ሽቦ ፈሳሹን አሙቆ እንፋሎት ያደርገዋል፤ እንፋሎቱ በሲጋራ ፈንታ ይሳባል። ሻጩ ኢዛና እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ነገር ማስረዳት የሚወድ ሰው ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ ሬጉሌትድ ነው» አለው። «ፓወሩን ራሱ ኮንትሮል ያደርጋል። ባትሪው ሲደክም ያቆማል፣ ሽቦው ሾርት ካደረገ አይሠራም፣ ብዙ ከሳብክ ቆርጦ ይተውሃል። ሶ፣ ዶንት ወሪ፣ ሴፍ ነው።»

ዘርዓብሩክ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ራሱን መቆጣጠር ያቃተው ሰው ራሱን የሚቆጣጠር ዕቃ ሲያገኝ ደስ ቢለው አይፈረድበትም። ትርሲትም ብትሆን አልተቃወመችም። አንድ ቃል ብቻ አስገባችው፤ ፈሳሹ ውስጥ ያለውን ኒኮቲን በየወሩ እየቀነሰ ለፋሲካ ዜሮ ሊያደርስ። «በማርያም?» አለችው። «በማርያም» አላት።

ከዚያ በኋላ ኑሮው በሳጥኑ ዙሪያ ተደራጀ። ማለዳ ቫን ናይስ ካለው አፓርታማ ከመውጣቱ በፊት ሲሞሉ ያደሩትን ባትሪዎች ያነሳል። ጥንድ ናቸው፤ አብረው ይሞላሉ፣ አብረው ይገባሉ፣ አንዱን ከሌላ ማደባለቅ ክልክል ነው። ብርጭቆውን በሶፍት ይወለውላል፣ ማንጎ ማንጎ የሚሸተውን ፈሳሽ ይሞላል፣ ሽቦው ውስጥ ያለው ጥጥ እስኪርስ ጫማውን ያስራል። ቤት ውስጥ አይስብም። ሐሌታን መኪና ውስጥ ይዞ አይስብም። ማታ ሲገባ ሸሚዙን ቀይሮ፣ እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ ነው የሚያቅፋት። ልጁን የሚወድ አባት ነበር፤ ይህን ስለ እሱ የሚያወራ ሁሉ አስቀድሞ ሊናገርለት ይገባል።

ምሳ ሰዓት ፌርፋክስ ሲደርስ መስኮቱን ዝቅ ያደርግና ነጭ ጉም ይለቃል። ጓደኛው አድማሱ ከምግብ ቤቱ በር ላይ ሆኖ «ባቡሩ ገባ! ሻንጣችሁን ያዙ!» እያለ ያላግጥበታል። ዘርዓብሩክም አብሮ ይስቃል።

ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ግን ሳያስቅ እየወጣ ሄደ። ሲገዛው ሠላሳ ዋት ይበቃው ነበር። ኒኮቲኑ ሲቀንስ ዋቱን ከፍ አደረገ፤ እንፋሎቱ ሲበዛ የጎደለው የሚሞላ መሰለው። አርባ አምስት። ስልሳ። ሳጥኑ ከዚህ አትለፍ አላለውም፤ ሳጥኑ የሚጠነቀቀው ለባትሪውና ለሽቦው ነው እንጂ ለዘርዓብሩክ አይደለም። ፋሲካ ሲደርስ በቃሉ መሠረት ዜሮ የሚል ጠርሙስ ገዝቶ ለትርሲት አሳያት። እሷም ግንባሩን ሳመችው።

ዜሮው ላይ የቆየው ለጥቂት ቀናት ነው። ራሱን ወጋው፣ እንቅልፍ አጣ፣ ፍሪዌይ ላይ መውጫውን አልፎ ሄደ፣ ምንም ባላጠፋ ተሳፋሪ ላይ ጮኸ። በመጨረሻ ለኢዛና እንኳን ሳይነግር ያልተበረዘ ኒኮቲን በኢንተርኔት አዘዘ። ውሃ የመሰለ፣ ሽታ የሌለው፣ ጠርሙሱ ላይ የራስ ቅል የተሳለበት ነው። ከዚያ በጠብታ መለኪያ እየቀዳ ዜሮ የሚለው ጠርሙስ ውስጥ ይጨምራል፤ ትርሲት ብታየው ዜሮ ነው።

አብሮት የመጣው ወረቀት ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ ይላል። ቀዝቃዛ ቦታ ማለት ፍሪጅ ነው፤ ፍሪጁ ደግሞ የትርሲት ግዛት ነው። እዚያ የራስ ቅል ያለበት ጠርሙስ አንድ ቀን አያድርም። ዘርዓብሩክ አሰበ። አሰበና ያገኘውን ብልሃት ያገኘው ሐበሻ ስለሆነ ብቻ ነው። ከሥዕለ አድኅኖው ሥር ካሉት ባዶ የጠበል ጠርሙሶች አንዷን አነሳ። የእመቤታችን ሥዕል የተለጠፈባት ትንሽ ፕላስቲክ ናት። የጠበል ጠርሙስ የሚደፋ፣ የሚያሸት፣ ውስጡ ምን እንዳለ የሚመረምር ሰው በዚህ ቤት የለም። ፈሳሹን ገለበጠባት፣ ቆቡን ጠበቅ አደረገ፣ የፍሪጁ የላይኛው መደርደሪያ ጥግ ላይ ሸጎጣት። አማተበ። ነገሩ እንደማይሆን ያን ጊዜም ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ትርሲት ጠርሙሷን ያገኘቻት በዚያው ምሽት ነው።

«ይሄ ጠበል ከየት መጣ?»

«አድማሱ ካገር ቤት ሲመለስ ይዞልኝ መጣ» አላት ሳያቅማማ። «ከሩቅ ገዳም ነው። በጣም ኃይለኛ ነው አሉ። ለክፉ ቀን ይቀመጥ፣ እንዳትነኪው።»

ትርሲት ጠርሙሷን ተሳለመቻትና ወደ ቦታዋ መለሰቻት። ዘርዓብሩክ የፍሪጁን በር ዘጋ። በልቡ ነገ ቦታዋን እቀይራለሁ አለ። ነገ አየር ማረፊያ የሚሄድ ተሳፋሪ ተገኘ፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሌላ።

አንድ ቀን ሲቀዳ ትንሽ የእጁ አንጓ ላይ ፈሰሰችበት፤ ጠረግ አድርጎ ወጣ። ሴፑልቬዳ ጎዳናን ሲያልፍ ልቡ ይደልቅ ጀመር፣ ላብ አጠመቀው፣ ዳር ይዞ ቆሞ በሩን ከፍቶ አስመለሰ። ይህን ሁሉ ያደረገችው እጁ ላይ ያረፈችው ጠብታ ነበረች። እዚያው መሪው ላይ ተደፍቶ፣ ይህ ነገር ከልጄ እርጎ ጎን ነው የተቀመጠው ብሎ አሰበ። በጣም ፈራ። ሲሻለው ግን ፍርሃቱም ተሻለው፤ ማታ ቤት ሲገባ ሐሌታ ስዕሏን ልታሳየው ሮጣ መጣችና ጠርሙሷ ባለችበት አደረች።

በፍልሰታ ጾም፣ ሙቀቱ በበረታበት ሰሞን፣ ከከተማው በስተሰሜን ያሉት ኮረብታዎች ተቃጠሉ። ቫን ናይስ በጭስ ታፈነች። መኪናዎቹ ላይ አመድ ይወርድ ጀመር፣ ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ ቀልታ ትታያለች። ሐሌታ ሌሊቱን ስታስል አደረች። ዘርዓብሩክ መስኮቶቹን ሁሉ ዘግቶ፣ ጭስ እንዳይገባ የበሩን ሥር በፎጣ ደፍኖ ወደ ሥራ ወጣ።

ዌስትውድ አንድ ሆቴል በር ላይ ተራ ይዞ ሳጥኑን ሲሞላ ስልኩ ጮኸ። ትርሲት ናት።

«ዘርዬ፣ አትደንግጥ። ሐሌታን አፍኗት ነበር። የአስሙን ኢንሄለር ሰጠኋት፣ ብዙም አልረዳት። ሥዕሉ ጋ ያለው ጠበል ደግሞ አልቋል። ሶ፣ ያን ያስቀመጥከውን አጠጣኋት።»

ሳጥኑ ከእጁ ወደቀ።

«ምን ያህል?»

«ሁለት ማንኪያ። አቃጠለኝ ብላ አለቀሰች። አሁን ያስመልሳታል፣ ሰውነቷም ይንቀጠቀጣል።» ድምፅዋ ውስጥ ፍርሃትም ደስታም ነበረ። «እየለቀቃት ነው መሰለኝ፣ ዘርዬ። እውነትም ኃይለኛ ነው። አንድ ማንኪያ ልድገማት ብዬ ቀድቻለሁ።»

ጠበል የጠጣ ሰው ሲያስመልሰውና ሲያንቀጠቅጠው ሕመሙ እየወጣ ነው ይባላል። ትርሲት ከእናቷ የወረሰችው እምነት ነው፤ በእሷ የሚፈረድ ነገር የለም።

«አትስጪያት!»

«ለምን?»

«አሮጌ ነው… ተበላሽቶ ይሆናል።»

«ጠበል ደግሞ ይበላሻል እንዴ? ምን ነካህ?»

ዘርዓብሩክን ይቅር ለማለት የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ከስልኩ ወዲያ እያቃሰተች፣ እሱ የሚታመን ውሸት ይፈልግ ነበር። ፈልጎም አላገኘም። ማንኪያ ብርጭቆ ሲነካ ሰማ። ትርሲት «ነይ የኔ እናት፣ አፍሽን ክፈቺ» ስትል ሰማ።

«ጠበል አይደለም!» ብሎ ጮኸ። የሆቴሉ ዘበኞች ዞረው አዩት። «ኒኮቲን ነው! የሳጥኑ ነው፣ እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት፣ መርዝ ነው ትርሲት! ናይን ዋን ዋን ደውዪ፣ አምቡላንስ ይምጣ! ኒኮቲን ጠጣች በያቸው!»

የሆነ ነገር ሲሰበር ተሰማ፣ ከዚያ መስመሩ ተዘጋ።

ወደ ቤቱ፣ ወደ ሰሜን የሚወስደው ፍሪዌይ ቆሟል። ከፊት ለፊቱ የጭስ ግድግዳ፣ ከኋላው የመኪና ሰልፍ። ይደውላል፣ አይነሳም። ደግሞ ይደውላል። ያለቅስ ነበር፣ ስለት ይሳል ነበር፣ ማርያምን ይጠራ ነበር፤ በዚህ መሐል እጁ ሳያማክረው ከወለሉ ላይ ሳጥኑን አንስቶ አፉ ላይ አደረሰው። ሁለቴ ከሳበ በኋላ ነው ያወቀው። የማንጎው ሽታ መኪናውን ሞላው። በሕይወቱ እንደዚያን ሰዓት ራሱን ተጸይፎ አያውቅም።

ሐሌታ ሆስፒታል ደርሳ ተረፈች። ሐኪሟ «ያዳናት አብዛኛው መርዝ በማስመለሷ መውጣቱ ነው» አለች። «ሌላ ማንኪያ ተጨምሮ ቢሆን ኖሮ» ብላ ጀመረችና ትርሲትን አይታ ተወችው። ትርሲት አልጮኸችም። ዘርዓብሩክ ለስድቧም ለእርግማኗም ተዘጋጅቶ ነበር፤ እሷ ግን የልጅቷን እግር በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣ፣ እሱ ወደ ገባበት በር አንድ ጊዜ እንኳን ቀና አላለችም።

ቤት በተመለሱ ማግስት፣ ትርሲት ሻወር ውስጥ ሳለች፣ ሐሌታ ከአልጋዋ «ውሃ» አለች። ዘርዓብሩክ ሮጠ። ያልተከፈተ ጠርሙስ አምጥቶ፣ እያየችው ከፍቶ፣ እያየችው ብርጭቆ ላይ ቀዳላት። አልተቀበለችውም።

«አባዬ፣ አንተ ጠጣ ፈርስት።»

ጠጣ። ግማሹን አጉድሎ አሳያት። «እይ፣ ውሃ ነው የኔ ቆንጆ፣ ውሃ ብቻ ነው።»

«ኖ። ዌይት» አለችው።

ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ብርጭቆውን እንደያዘ ፊቷ ቆመ፤ እሷም ትራሱን ተደግፋ፣ እንደ እሷ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ እጁን እያየች ጠበቀች።