የተመረቀው ፍሊፐር

አቶ ዋቅቶላ ፍሊፐሩን ለማንም ሲያሳዩ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚናገሩት አንድ ነገር ነበር፤ «ይሄ ሳይፈታ ነው የሚሄደው።» ስለ ዋጋ ትንፍሽ አይሉም። ዋጋውን ገዢው ያውቃል፣ ሰው ከሆነ አያሳፍረኝም ባይ ናቸው። በዚህ ዘመን እንዲህ ብሎ ዕቃ የሚሸጥ ሰው አሰላ ውስጥ ከእሳቸው ሌላ የተረፈ አይመስልም።

አርባ አንድ ዓመት ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ፍሊፐሩ በአራት እግሩ የሚቆም፣ ሰው ወገብ ድረስ የሚደርስ፣ ላዩ መስታወት የሆነ የድሮ መጫወቻ ማሽን ነው። ሞላውን ስበው ሲለቁት የብረት ኳሷ ተስፈንጥራ አምፖሎቹን እየገጨች ትወርዳለች፤ ከታች ያሉት ሁለት ክንፎች ደግሞ መልሰው ይልኳታል። ራስጌው ላይ በቆመው ሳጥን መስታወት ላይ ነጭ መርከብ ላይ የቆመች ሴት ተስላለች። የገብረ ማርያም ቡና ቤት ጌጥ ነበር። ባለቤቱ አርጅተው ቤቱን ሲዘጉ «በሕይወት ያቆየኸው አንተ ነህ፣ ውሰደው» ብለው ሰጧቸው። የቤተ ክርስቲያን ወንድሞች የመጠጥ ቤት ዕቃ ምን ያደርግልሃል ብለው ሲያጉረመርሙ፣ አቶ ዋቅቶላ «ዕቃው መቼ ጠጣ?» ብለው ዝም አሰኟቸው።

ከዚያ በኋላ ከጮሌም ሆነ ከኦጎልቾ ሬዲዮ ሊያሠራ የመጣ ሁሉ እስኪጠገንለት በነጻ ይጫወት ነበር። ከሁሉም የምትበልጠው ግን ሟች ባለቤታቸው ወርቅቱ ነበረች። ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሏን ደፍ ላይ አስቀምጣ አንድ ዙር ሳትጫወት ቤቷ አትገባም። አንድ ቀን ማንም ያልደረሰበትን ነጥብ አገኘችና ቁጥሩን በእርሳስ ራስጌው ሳጥን ጎን ላይ ጻፈችው። እሷ ካረፈች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቁጥሩን የነካው ሰው የለም።

ባለፈው ዓመት መንገዱ ሊሰፋ ነውና ሱቁ ይፈርሳል ተባለ። አቶ ዋቅቶላ ሁሩታ ከምታስተምረው ልጃቸው ከለሊሴ ጋር ሊኖሩ ተስማሙ፤ የለሊሴ የኪራይ ክፍል ግን እንኳን ፍሊፐር ሁለተኛ አልጋም አይችልም። ለሊሴ ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ለጠፈችው። ይሄኔ ነው አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ የሚባሉትን ሰዎች አቶ ዋቅቶላ ያወቁት። አንዱ ዋጋ ሊያራክስ ደውሎ አይጥ በልቶታል ሲባል ሰማሁ ይላል። ሌላው ተሽጧል ብሎ ለጓደኞቹ ያስወራና እሱ በጎን ይደውላል። አቶ ዋቅቶላ ሰው ለመጫወቻ ዕቃ ብሎ እንዲህ ይዋሻል ብለው አስበው አያውቁም።

ከሁሉም ቀድሞ ከአዲስ አበባ የመጣው ይስሃቅ የሚባል ጎልማሳ ነው። ማሽኑን ዞሮ ዞሮ አየው፣ ፎቶ አነሳው፣ ስለ ወርቅቱ ሲነግሩት ዓይኑ እንባ አቀረረ። በኋላ ሲያስቡት፣ እንባው የእውነት ይሁን የውሸት እሳቸውም አላወቁም።

«አባቴ፣ ሳይፈታ ነው የምወስደው። መኪና ይዤ እስክመጣ ግን እንዳይቀየሩብኝ» አለና ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ አለ። «እንደ አገሩ ደንብ ይመርቁኝ።»

ደንቡን ከየት እንደሰማው አይታወቅም። አቶ ዋቅቶላ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «ዋቀዮ ሲ ሃኤቢሱ፤ እግዜር ይባርክህ፣ በደስታ ተጠቀምበት» ብለው መረቁት። በእሳቸው ዘንድ ይሄ ከፊርማ ይበልጣል። ሽማግሌ መርቆ የሰጠውን መልሶ ለሌላ ከሰጠ ምርቃቱ እርግማን ይሆናል ብለው ነው ያደጉት፤ ወንጌል ከተቀበሉም በኋላ ይቺን ነገር አልተዉም። ይስሃቅ አንዲት ቀብድ ሳያስይዝ፣ በምርቃት ብቻ ማሽኑን ቆልፎት ሄደ።

ከዚያ ወዲያ «ነገ እመጣለሁ አባቴ» ሁለት ወር ሞላው። በመጨረሻ ስልኩም መነሳት ተወ።

በመሃል እንደሻው የሚባል ሰው ከአዳማ አይሱዙና አራት ተሸካሚ ይዞ መጣ። ማሽኑን ወጣቶች በሚዝናኑበት ቤቱ ሊያቆመው ነው የፈለገው። ሞላውን ሳበና ኳሷ አምፖሎቹን ስታበራ እንደ ልጅ ሳቀ። አቶ ዋቅቶላም አብረው ሳቁ፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«አልችልም፤ ለሰው መርቄዋለሁ» አሉት።

«ቀብድ ወስደዋል?»

«አልወሰድኩም። መርቄዋለሁ ነው የምልህ።»

ለሊሴ ይሄን ስትሰማ ከሁሩታ በርራ መጣች። ስልኳን አፍንጫቸው ሥር ደቀነችው። ይስሃቅ የማሽኑን ፎቶ «የኔ ነው» ብሎ ለጥፎ፣ ራስጌውን ለብቻው እየሸጠ ነበር።

«አባዬ፣ ይሄ ሰው እኮ አጭበርባሪ ነው! ለእንደሻው ደውልለት።»

«እሱ ቢዋሽ ምርቃቱ የኔ ነው፣ ልጄ። ከአፌ የወጣውን መልሼ አልውጥም።»

ለሊሴ ተናዳ አለቀሰች። እሳቸውም ያቺን ቀን ምሳ አልበሉም፤ ልጃቸው ልክ እንደሆነች ልባቸው ያውቅ ነበር።

ሱቁ ሊፈርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ይስሃቅ ብቅ አለ። የመጣው በትንሽ የቤት መኪና ነው። አቶ ዋቅቶላ መኪናዋን ዞረው አዩዋት፤ እዚያ ውስጥ ፍሊፐር እንደማይገባ ለማንም ግልጽ ነው።

«ገላው ዝጓል አባቴ። ራስጌውን ብቻ ነው የምፈልገው» አለና ካቻቢቴውን አወጣ።

«ሳይፈታ ነበር ያልነው።»

«እሱማ ነበር። ግን መርቀውኝ የለ?»

አቶ ዋቅቶላ ውጭ ወጥተው ለእንደሻው ደወሉ። እንደሻው በትሕትና አናገራቸው። እሳቸው እንቢ ካሉት በኋላ ሌላ ማሽን ገዝቶ አስገብቷል፤ ቦታ የለውም። ስልኩን ዘግተው ሲመለሱ ይስሃቅ ካቻቢቴውን በመስታወቱ ጠርዝ አስገብቶ እየፈነቀለ ነው። ትንሽ ቢገፋው የመርከቧ ሴት ለሁለት ትሰነጠቃለች።

«ተው! ትሰብረዋለህ» ብለው ካቻቢቴውን ከእጁ ቀሙት። ከዚያም እያንዳንዷን ብሎን፣ አርባ ዓመት ያጠበቋትን፣ በገዛ እጃቸው አንድ በአንድ ፈቱ። ሽቦዎቹን ቆረጡ። ራስጌውን በራሳቸው ብርድ ልብስ ሲጠቀልሉት ይስሃቅ ጎኑ ላይ ያለውን የእርሳስ ቁጥር አየና አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ ፈተገው።

«ይሄ ቆሻሻ ቶሎ ይለቃል፣ ጥሩ ነው» አለ።

የወርቅቱ ቁጥር ጠፋ። አቶ ዋቅቶላ ብርድ ልብሱን ጎትተው ባዶውን ጎን ሸፈኑት።

ይስሃቅ ዕቃውን ጭኖ፣ ያሻውን ያህል ብር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ እንደ ፊተኛው ኮፍያውን አወለቀ። «ለመንገዴ ይመርቁኝ እንጂ አባቴ።»

እጃቸው በልማድ ተነሳ። አየር ላይ ጥቂት ቆየና ወረደ። «ሂድ» አሉት።

የማሽኑ ገላ ከሱቁ ጋር ፈረሰ። አቶ ዋቅቶላ አሁን ሁሩታ ናቸው። ባለፈው ወር የጎረቤታቸው ልጅ ሄኒ ስታገባ፣ እንደ ደንቡ በዕድሜ ትልቁ ሰው ይመርቁን ተብሎ ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። ሙሽሮቹ ፊታቸው ጎንበስ ብለው ጠበቁ። አቶ ዋቅቶላ እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ አላነሱም።

«ሌላ ሰው ይመርቃችሁ፣ ልጆቼ» አሉ። «የኔ ምርቃት ሰው መጉጃ ሆኗል።»