ዴኩ ይረፍ

ልጅ እያለሁ ሥልጣን ማለት ለእኔ ሪሞት ኮንትሮል ነበር። የቀበሌ ሊቀመንበሩም፣ የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተርም ከእኔ በታች ነበሩ። ዛሬ ቤቴ ውስጥ ሦስት ሪሞት አለ፣ አንዱም እጄ አይገባም። ልጆቼ ደብቀውት የሶፋውን ትራስ አንስቼ ስፈልግ የማገኘው የደረቀ ብስኩትና ባለቤቱ ያልታወቀ ካልሲ ነው። ባለፈው ሰሞን ሚስቴ አዲሱን ሪሞት እንዳይቆሽሽ ብላ በፌስታል ጠቀለለችው። ስነካው ኮሽ አለ። ያቺ ኮሽታ እጄን ይዛ ሐይቅ ወሰደችኝ። የእናንተም ቤት ሪሞት ፌስታል ለብሶ ነው ያደገው፣ አይደል?

ሐይቅ ከተማ ከእኛ ጋር በአንድ አጥር የሚዋሰኑት እትዬ ዘይነባ ነበሩ። ልጃቸው ሰይድ ጅዳ ሄዶ ሹፌር ሆኖ፣ በአገር ልጅ እጅ ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ዴክ ላከላቸው። በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሲገባ ሙሽራ የመጣ ነው የሚመስለው። ቴሌቪዥኑ ላይ ዳንቴል፣ ዴኩ ላይ ዳንቴል ተደረገ፤ ለሪሞቱ የሚሆን ዳንቴል ሲጠፋ ፌስታል ለበሰ። የሚያንቀሳቅሰው ሰው ሲፈለግ ደግሞ እንግሊዝኛ አንባቢ ተብዬ እኔ ተሾምኩ። እኔ ከስድስት ዓመት ትምህርት የያዝኩት እንግሊዝኛ «ፕሌይ» እና «ስቶፕ» ብቻ ነበር። ደግነቱ ዴኩም ከዚያ በላይ አይጠይቅም።

ሰይድ ከዴኩ ጋር አንድ ካሴት ልኮ ነበር። ፊልም እንዳይመስላችሁ፣ ራሱ ሰይድ ነው ያለበት። ነጭ ጀለቢያ ለብሶ ቢጫ መጋረጃ ፊት ተቀምጦ፣ ጓደኛው በካሜራ ቀርጾታል። «እማ እንደምን አለሽ፣ እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ» ይልና ሰላምታውን ይጀምራል። መጀመሪያ ዘመድ ይጠራል፤ እህቱን፣ አጎቶቹን፣ አርዲቦ ያሉትን አክስቱን። ቀጥሎ ጎረቤት ይገባል። እናቴን እትዬ በላይነሽን፣ አሳ አጥማጁን ሙሄን፣ ልብስ ሰፊውን አያ ይማምን። «አያ ይማምን ሰላም በይልኝ፣ የሰፋልኝ ሱሪ እስካሁን አልተተረተረም በይው።» በመጨረሻ ጉሮሮውን ይጠርግና፣ «ያ የእትዬ በላይነሽ ልጅ፣ ንፍጣሙ ደምሴስ አደገ? እሱንም ሰላም በይልኝ፣ እናቱን እንዳያስቸግር» ይላል። ደምሴ እኔ ነኝ። ንፍጡም የእኔ ነበር። ከጅዳ ድረስ መሰደቤ ግን ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ በላይ አድርጎኝ ነበር።

ጁምዓ ጁምዓ ከስግደት በኋላ ስሙ የተጠራ ሰው ሁሉ እትዬ ዘይነባ ቤት ይመጣል። ሰው የሚመጣው ሰይድን ሊያይ ብቻ አልነበረም፣ ስሙ ሲጠራ ሊሰማም ነው። ስሙ ሲጠራ ደግሞ ለቴሌቪዥኑ መልስ ይሰጣል። እናቴ «እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ» ትላለች፤ ሙሄ ቆሞ እጅ ይነሳል። አያ ይማም ከሁሉም ይብሳሉ። ተራቸው እስኪደርስ ኮታቸውን እያስተካከሉ ይጠብቁና ሁለት እጃቸውን ወደ ስክሪኑ ዘርግተው «አሚን! ሲያረጅ ላከው፣ ሌላ እሰፋልሃለሁ!» ይላሉ። የሞቀው ዴክ ፕላስቲክ ሽታ፣ የአያ ይማም ኮት የካውያ ሽታ፣ ሙሄ ይዞት የሚገባው የአሳ ሽታ ተደባልቀው አሁንም አፍንጫዬ ላይ አሉ።

ጥፋቱን የሠራሁት በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ትልቅ የኳስ ጨዋታ ነበር፣ መቅረጽ አማረኝ። ካሴት ደግሞ ከሰይድ ሌላ የለም። ከሰይድ ንግግር በኋላ ግን ብዙ ባዶ ቦታ እንዳለው አውቃለሁ። የሰይድ ጓደኛ ማንም እንዳይቀርጽበት ብሎ የካሴቱን ጥርስ ሰብሮት ነበር። እኔ ብልጡ ቀዳዳውን ፕላስተር ለጠፍኩበት። ባዶው የሚጀምርበትን ቁጥር ከዴኩ ላይ አንብቤ በእጄ መዳፍ ጽፌያለሁ። ካሴቱን ከአያ ይማም ላይ ወዲያ እያሳለፍኩ ሳለሁ መብራት ሄደ። ሲመጣ ቁጥሩ ዜሮ ሆኗል። እኔ ደግሞ ወደ ኋላ አጠንጥኜ እንደ ገና መቁጠር ሲገባኝ፣ ጨዋታው ሊጀመር ነው ብዬ በግምት ነዳሁ። ትንሽ ወደ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ፊት፣ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ባዶ የመሰለኝ ቦታ ላይ መቅረጫውን ተጫንኩት።

በማግስቱ ሳየው ሰይድ አርዲቦ ያሉትን አክስቱን ሰላም ይልና «ከጎረቤት ደግሞ…» ብሎ ሳይጨርስ አንድ ቁምጣ ለባሽ ኳስ ይዞ ይገባል። እናቴ የለች፣ ሙሄ የለ፣ አያ ይማም የሉ፣ እኔም የለሁ። ቡድናችን ደግሞ ተሸንፏል። ያኔ ሆዴን ያረጋጋሁት «ሰይድ ሌላ ካሴት ይልካል» ብዬ ነው።

ሌላ አልላከም። ሳምንት ሳይሞላ ከጅዳ የመጣ ሰው መርዶ ይዞ ገባ። ሰይድ ታሞ ሦስት ቀን ሳይተኛ ሞተ። የእትዬ ዘይነባን ለቅሶ አልተርክላችሁም። እኔ አጥራችን ሥር ተቀምጬ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰውየው ድጋሚ አይናገርም፣ የተናገረውን ደግሞ እኔ በልቼዋለሁ።

ሐዘኑ ትንሽ በረድ ሲል፣ በአንድ ጁምዓ እትዬ ዘይነባ ጠሩኝ። «ደምሴ፣ ና እስኪ ሰይድን ክፈትልኝ።»

ቤቱ ጢም ብሏል። ሪሞቱ በላቤ ከነፌስታሉ ይንሸራተታል። ሰይድ ወጣ፣ ሰው አለቀሰ። ዘመዶቹን ጠራ፣ አክስቱን ጠራ፣ «ከጎረቤት ደግሞ…» ሲል አጠፋሁት።

«ምነው?» አሉ አያ ይማም፣ ኮታቸውን ገና ማስተካከላቸው ነበር።

«ዴኩ ሞቋል። ማረፍ አለበት።»

ባለሙያው እኔ ነኝና ማንም አልተጠራጠረም። ወደ ቤታቸው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። አያ ይማም ግን ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን አጣጠፉ። «ይረፍ እንጂ፣ ይረፍ። እንጠብቃለን።»

ጠበቁ። ሙሄ ተነስቶ ዴኩን በባርኔጣው ያራግበው ጀመር። በመጨረሻ መውጫ ሳጣ «እስኪበርድ ድረስ የቀረውን እኔ ልበላችሁ፣ በቃሌ ነው የማውቀው» አልኩ። ቆሜ በሰይድ ድምፅ ጀመርኩ። እናቴን ሰላም አልኩ፣ ሙሄን ሰላም አልኩ፣ ጉሮሮዬን እንደሱ ጠረግሁ። «አያ ይማምን ሰላም በይልኝ፣ የሰፋልኝ ሱሪ እስካሁን አልተተረተረም በይው።» አያ ይማም ሁለት እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። «አሚን!» አሉ፤ ስለ ሌላ ሱሪ ግን ሳይናገሩ ፊታቸውን በኮታቸው ሸፈኑ።

እኔ እዚያ ላይ አቆምኩ። የራሴን አልጠራሁም። የሰረቀ ሰው ድርሻ አይወስድም ብዬ ነው።

እትዬ ዘይነባ ትክ ብለው አዩኝና፣ «አብሽር የኔ ልጅ» አሉ። «ካሁን ወዲያ እዚህ ቦታ ሲደርስ ዴኩ ይረፍ።»

እንዲሁ ሆኖ ስንት ዓመት ሄደ። ድምፄ ጎረነነ፣ ጢም አወጣሁ፣ ጁምዓ ሲሆን ግን ሰይድ ነኝ። ደሴ ገብቼ ሱቅ ከከፈትኩ በኋላ እንኳ ሐይቅ በሄድኩ ቁጥር ዴኩ ያርፋል።

ከዚያ ለውጥ መጣ፣ ለውጡን ተከትሎ ጦርነቱ መጣ። እትዬ ዘይነባ ከልጅ ልጃቸው ከሐያት ጋር ከሐይቅ ሸሽተው ደሴ እኔ ቤት ደረሱ፤ ብዙም ሳንቆይ ሁላችንም በአንድ አይሱዙ ላይ ተጭነን ወጣን። መንገድ ላይ ጥቅላቸው ሲፈታ ባየው ካሴቱና ያ የጥንት ሪሞት ናቸው።

«እትዬ፣ ካሴቱስ ይሁን፣ ሪሞቱን ምን ሊያደርጉት ነው?»

«ዴኩን ቢወስዱት በምን ያዙታል?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ በዚያ መኪና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሳቁ ደፋር አደረገኝና ሠላሳ ዓመት የያዝኩትን አወጣሁ። «እትዬ፣ ካሴቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«ፕላስተሩ ከየት የመጣ መስሎሃል? ለተረከዜ የገዛሁት ነው። በማግስቱ ካሴቱ ላይ አየሁት።»

«ታዲያ እንዴት አልተቆጡኝም?»

«ወላሂ ተቆጥቻለሁ። ልገርፍህም ነበር። ያን ቀን ቆመህ ስትጠራ ግን ሰው ሁሉ መልስ ሰጠ። አንተን ባባርር በጁምዓ ማን ይመጣልኛል?»

ስንመለስ ሐይቅ ያለው ቤታቸው ባዶ ነበር። ዴኩም ቴሌቪዥኑም ዳንቴሉም ሄዷል። የወሰደው ሰው እስከ ዛሬ ድረስ እየተነሳ ነው ቻናል የሚቀይረው። ጎረቤት ተሰባስቦ ቤቱን አቆመላቸው፣ እኔም ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ይዤ ሄድኩ። ሐያት ኮምፒውተር የተማረች ልጅ ናት፤ ካሴቱን ደሴ ወስዳ ወደ ፍላሽ አስገለበጠችው፣ ከዚያ የደበዘዘ ምስል አጥርቶ በሚያተልቅ ፕሮግራም አሳለፈችው። መሀል ላይ ያለውን ኳስ ልትቆርጠው ስትል አያቷ «እንዳትነኪው» ብለዋታል።

በጁምዓ ተሰበሰብን። ጢም ያለ ቤት የለም፤ እኔ፣ ሐያት፣ እትዬ ዘይነባ፣ የአያ ይማም ሴት ልጅ። እናቴም ሙሄም አያ ይማምም አልፈዋል። ሰይድ ግድግዳ አክሎ ወጣ። የጀለቢያው ቁልፍ ይታያል፣ የመጋረጃው ክር ይታያል።

«ጥርሱን ምን አደረጋችሁት?» አሉ እትዬ ዘይነባ። «የኔ ልጅ እንዲህ ያለ ጥርስ የለውም።»

«ኮምፒውተሩ ነው ያሳመረው፣ እማ» አለች ሐያት።

«ማን አሳምርልኝ አለው? ድምፁ ግን የሱ ነው።»

ሰይድ «ከጎረቤት ደግሞ…» ሲል ያ ቁምጣ ለባሽ ገባ። ከወንጀሌ ያልታየ አልቀረም፤ የኳሱ ስፌት እንኳ ይቆጠራል። እትዬ ዘይነባ እሱም ፌስታል የለበሰውን የአዲሱን ቴሌቪዥን ሪሞት አንስተው፣ ቁልፉን በጣታቸው ዳብሰው አጠፉት።

«በል ደምሴ። ዴኩ ይረፍ።»

በዚህ ቦርጭና በዚህ መላጣ ተነሳሁ። ያኔ ስጠራ ቤቱ ሙሉ ሰው ይመልስልኝ ነበር፤ አሁን ግማሹን መልስ እትዬ ዘይነባ ናቸው የሰጡት፣ በእናቴም በሙሄም ፋንታ። የአያ ይማም ልጅ ለአባቷ «አሚን» አለች። ጨርሼ ልቀመጥ ስል እትዬ ዘይነባ እጃቸውን አነሱ።

«አንድ ሰው አስቀረህ። ስንት ዓመት ሙሉ ታስቀረዋለህ?»

እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ልክ እንደ ልጃቸው።

«ያ የእትዬ በላይነሽ ልጅ፣ ንፍጣሙ ደምሴስ አደገ? እሱንም ሰላም በይልኝ፣ እናቱን እንዳያስቸግር።»

እኔም እንደ አያ ይማም ሁለት እጄን ወደ ጠፋው ቴሌቪዥን ዘረጋሁ። «አሚን» አልኩ።