የቢስቲማው ሳይወጣ

ያን ዕለት ጥገና ክፍል ውስጥ አምስት ነበርን። ሥራ አስኪያጁ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ከአዲስ አበባ የመጣችው የሶፍትዌር ባለሙያ ላፕቶፗን ከፍታ መስኮቱ አጠገብ ነበረች። ኤሌክትሪሺያኑ ግድግዳው ላይ ካለው የኃይል ሳጥን ሥር፣ የደጋኑ መካኒክ ደግሞ የሻይ ብርጭቆ ይዞ ከጎኑ ቆመዋል። እኔ ጠረጴዛዬ ዘንድ ነኝ። ስድስተኛው ሰው፣ የቢስቲማው መካኒክ፣ ከግድግዳው ወዲያ ክር ማድረቂያው ማሽን ውስጥ ነበር። እኔ እንደዚያ ነበር የማውቀው።

እዚህ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የጥገና ፈቃድ የምይዘው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው የለም። ማሽን ውስጥ የሚገባ ሰው በኮምፒውተር ፈቃድ አስከፍቶ ይገባል፣ ሲወጣ መጥቶ ያዘጋል። ሁሉም ሲዘጋ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ይበራል፤ ኤሌክትሪሺያኑ ያን አይቶ ኃይል ይለቃል።

ሁለቱ መካኒኮች ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ ነው። የኮንትራት ሠራተኞች ስለሆኑ የመታወቂያ ቁጥር የላቸውም። እኛ ዘንድ እንዲህ ያሉ ሰዎች በተወለዱበት አገር ነው የሚለዩት፤ አንዱ የደጋኑ፣ ሌላው የቢስቲማው ይባላሉ። የድሮውን ሶፍትዌር የሠራልን ባለሙያ ይህን ስነግረው ሳቀና «አገር» የሚል ሳጥን ጨመረልኝ።

ፈቃዱ ሁሉ የሚቀመጥበት ሰርቨር ከመጋዘኑ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ነበር። ሙቀቱ ስለጎዳው ሁሉም ነገር ወደ ክላውድ፣ በኢንተርኔት ወደሚገኝ ማከማቻ፣ ይዛወር ተባለ። ኤሌክትሪሺያኑ ትርጉሙ ደመና መሆኑን ሰምቶ፣ ቤቴ ደሴ ነውና «እትዬ፣ ከደሴ ሲወርዱ ደመናውን ይዘውልን መጡ» እያለ ሲቀልድብኝ ሰነበተ። በዚያ ጠዋት ባለሙያዋ የተከፈቱትን ፈቃዶች ሁሉ አዛውራ ጨረሰችና አሮጌውን ሰርቨር አጠፋችው።

ቀትር ላይ የደጋኑ ከማሽኑ ወጥቶ መጣ፤ ፈቃዱን ዘጋሁለት። አረንጓዴ በራ። ኤሌክትሪሺያኑ እጁን ወደ ኃይል ሳጥኑ እጀታ ሰደደ።

«ቆይ» አልኩት። «የቢስቲማው አልወጣም።»

«ይኸው ወጥቷል ይላል፣ እትዬ።»

ዝርዝሩን አየሁ። ጠዋት ሁለት መስመር የነበረው አንድ ሆኗል። አገር የሚለው ሳጥንም የለም።

«ያ ሳጥን ከተለመደው ውጭ ስለነበር አላመጣሁትም» አለች ባለሙያዋ። «ስም ተደጋግሞ ሲያገኝ ሲስተሙ ራሱ አንድ ያደርገዋል።»

«የገቡት ሰዎች ሁለት ናቸው» አልኳት። እጇ ላፕቶፑ ላይ ቀረ።

«ዙሁር ሊሰግድ ወጥቶ ይሆናል» አለ የደጋኑ። «እኔ በማሽኑ በዚህኛው ወገን ነበር የምሠራው።»

«ሲወጣ አይተኸዋል?»

«ኧረ ወላሂ አላየሁም።»

«ክሩ እርጥብ ነው፣ ሊበላሽ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ልቀቀው በቃ።»

ኤሌክትሪሺያኑ እሱንም እኔንም አየ። ተነስቼ ሄድኩና እጄን እጀታው ላይ አሳረፍኩ። ማንም እንዳይለቀው ሌላኛውንም ደረብኩበት።

«ሄደህ ጥራው» አልኩት የደጋኑን። ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀምጦ ሮጠ።

ከግድግዳው ወዲያ ሲጣራ እንሰማዋለን። መልስ የለም። ደግሞ ተጣራ። ብረቱን በአንድ ነገር ሲደበድብ ተሰማ፤ ከዚያ ድብደባውም ቆመ። ባለሙያዋ አንገቷን ደፋች። የቢስቲማው ጠዋት እርሳሴን ተውሶ ጆሮው ላይ ሰክቶ ነበር የገባው። ያን እርሳስ ብቻ ነበር የማስበው። ምነው መስጊድ በተገኘና በሳቁብኝ ብዬ ተመኘሁ።

ሁለቱም በሩ ላይ ታዩ። የቢስቲማው ጸጉሩ በብናኝ ነጥቷል፤ እርሳሱ እንዳለ ነው።

«ምነው፣ ለቅሶ ነው እንዴ የተቀመጣችሁት?» አለ። «እዚያ ውስጥ ሲሆኑ ምን ይሰማል ብላችሁ ነው?»

እርሳሴን መለሰልኝ። እጄን ከእጀታው ሳነሳ ጣቶቼ አልዘረጋ አሉኝ።

ሥራ አስኪያጁ ጥቂት ቆይቶ አንድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። አዲሱን ሲስተም ፈትሼ ተረክቤያለሁ ይላል።

«እትዬ፣ ሳጥኑን በሚቀጥለው ሳምንት ትጨምረዋለች። ለጊዜው ይፈርሙልን።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያማ… እርስዎ ሁለቱን ያውቋቸው የለ?»

«ባልመጣሁ ቀንስ?»

ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ባለሙያዋ ቀና ብላ አየችኝ። እርሳሱን ያልተፈረመው ወረቀት ላይ አስቀመጥኩ። ኮምፒውተሩን ዘጋሁት፤ አረንጓዴውም ጠፋ። ነጠላዬንና ቦርሳዬን አነሳሁ። ሥራ አስኪያጁ ከበሩ ገለል አለልኝ፤ ወጣሁ።